አጭር ዘንግ፣ መሰላል ወይስ የተጣራ ውሃ? በባሕር ዳር የመስታወት ጽዳት የዓመት ወጪ ንጽጽር

የመስታወት ጽዳት ሥራ ልጀምር ብሎ የሚያማክረኝ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የዕቃውን ዋጋ ነው። የዕቃው ዋጋ አንድ ቀን ተከፍሎ ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ ከኪስ የሚወጣው ለጎማው፣ ለውሃው፣ ለማመላለሻው ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራ ፈትቶ የሚዋልበት ቀን አለ። እዚህ የማነጻጽራቸው ሦስት አሠራሮች በመግዣ ዋጋ ይራራቃሉ፤ በዓመት ወጪ ግን ልዩነታቸው ብዙ ሰው ከሚገምተው ይሰፋል፣ አቅጣጫውም ሌላ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምጽፈው ብር ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ስለዚህ በሥራ ቀን ቁጠሩ። የቀኑ ገቢያችሁ ላይ የምሳና የመጓጓዣው ተቀንሶ እጃችሁ ላይ የሚቀረውን ያዙ፤ የዕቃውን ዋጋ ለእሱ አካፍሉ፤ የወጣውን ደግሞ ዕቃው በሚያገለግልበት ዓመት አካፍሉት። ለምሳሌ በቀን 1,000 ብር የሚተርፈው ሰው 60,000 ብር የሚጠየቅበትን ዕቃ ቢገዛ 60 ቀን ሠራለት ማለት ነው። ዕቃው ሦስት ዓመት ካገለገለ በየዓመቱ 20 ቀን ለእሱ ይሠራል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሥሩት።

የሥራ ቀኑም ቢሆን እንደሚታሰበው ብዙ አይደለም። በሳምንት 6 ቀን ብትሠሩ በዓመት 312 ቀን ይመጣል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ክረምት ግማሹን ያስፈታል፤ ጠዋት ያጸዳችሁትን ከሰዓት ዝናብ ይመታዋል፣ ደንበኛም «ዝናቡ ይውጣና» ይላል። እሱ 39 ቀን ይወስዳል። ታላላቅ በዓላትን ስትቀንሱ 260 ቀን ገደማ ይቀራችኋል። በሌላ በኩል ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥር ሰርግና ለፋሲካ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይጠራችኋል፤ ዕቃ የሚበላሸውም በዚያው ሳምንት ስለሆነ መለዋወጫ ቤት ውስጥ ይኑር።

አጭር ዘንግና ዋይፐር

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ብስክሌትም የለመደች ከተማ ናት። ሁለት ክፍል ያለው የሚረዝም ዘንግ ተጣጥፎ ከብስክሌቱ ጎን ይታሰራል፤ ባልዲው፣ ዋይፐሩ (ውሃውን ከመስታወቱ የሚጠርገው ባለ ጎማ ዕቃ)፣ ማርጠቢያውና ጨርቁ ከኋላ ይጫናሉ። ከሽምብጥ እስከ ቀበሌ 14 በዚህ ሁኔታ ስዞር ለባጃጅ የማወጣው ብር የለም። መሬት ቆሜ ምድር ቤቱንና አንደኛ ፎቁን እደርሳለሁ። የከተማችን ሱቆች፣ ፋርማሲዎች፣ ካፌዎችና ቪላ ቤቶች አብዛኞቹ በዚህ ቁመት ውስጥ ናቸው።

የዚህ አሠራር የዓመት ወጪ በአንድ ገጽ ያልቃል። በቀን አራት ባልዲ፣ በባልዲ 10 ሊትር ብንል በ260 ቀን 10,400 ሊትር ውሃ ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 520 ጀሪካን። ደንበኛው ከቧንቧው ካስቀዳችሁ ይህ ወጪ ከናካቴው የለም፤ ስለዚህ ሥራውን ስትስማሙ «ውሃ ከእናንተ ነው» ማለትን አትርሱ። ፈሳሽ ሳሙና ለአንድ ባልዲ 10 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ትንሽ ክዳን ይበቃል፤ ለዓመቱ አሥር ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ብዙ ሳሙና መስታወቱን አያጠራውም፤ ደርቆ ጭጋግ ይተዋል፣ ያንን ለማጥፋት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ትደክማላችሁ።

እውነተኛው ወጪ ጎማው ነው። የዋይፐሩን ጎማ በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ጥፍራችሁ የሆነ ቦታ ላይ ከተነካካ ተበጥቷል። ያ ብጣት መስታወቱ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የውሃ መስመር ይተዋል፣ ደንበኛው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሷን መስመር ያያል። ጎማው ሁለት ጠርዝ ስላለው አንዱ ሲያልቅ ይገለበጣል። በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ሁለቱም ጠርዝ ተደምሮ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ይቆይልኛል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው አቧራ ግን አንዳንዴ አንድ ሳምንት ሳይሞላውም ያልቃል። በዓመት ከ20 እስከ 25 ጎማ አስቡ። ማርጠቢያው ሦስት ጊዜ፣ ጨርቁ ደርዘን ያህል ይቀየራል። እጀታው ከማይዝግ ብረት ወይም ከናስ ከሆነ ለዓመታት ይኖራል፤ ላስቲኩን እጀታ የገዛ ሰው በየዓመቱ ይገዛዋል።

ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሌሊቱን መብራት የበራበትን የበረንዳ መስታወት ቀረብ ብላችሁ እዩት። ትንኝ ክንፉን ዘርግቶ ተለጥፎበት ያድራል፤ ሸረሪቷም እሱን ተከትላ ማዕዘኑ ላይ ድሯን አድርታለች። ደረቁን ከሳባችሁት እንደ ቅባት ይዘረጋና ጎማውንም ያቆሽሸዋል። በእርጥብ ማርጠቢያ ቀብታችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁት፤ ራሱ ይለቃል። ፀሐይ ያረፈበትን መስታወት ደግሞ አትንኩ፣ ጎማው ሳይደርስበት ሳሙናው ይደርቃል። ጠዋት በምዕራብ በኩል ያለውን ፊት፣ ከሰዓት በምሥራቅ በኩል ያለውን ሥሩ። ይህ ልማድ ብቻውን በዓመት ስንት ጎማና ስንት ሰዓት እንዳዳነልኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

መሰላል

መሰላል ለመግዣው ውድ አይመስልም፤ የባሕር ዛፉ ደግሞ በጣም ርካሽ ነው። የሚያስከፍለው በማመላለሱ ነው። ባጃጅ ውስጥ አይገባም፣ ብስክሌት አይሸከመውም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ጋሪ ወይም የጭነት ባጃጅ ደርሶ መልስ ትከፍላላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ብታመላልሱት በዓመት ከ130 ቀን በላይ ነው፤ የአንድ ቀኑን ክፍያ በዚያ አባዙትና መሰላሉ ራሱ ስንቴ እንደሚገዛ እዩ። እኔ የማደርገው ሕንፃው የራሱ መሰላል ካለው በእሱ መስማማት ነው፤ ዘበኛው ዘንድ ብዙ ጊዜ አለ። በእርግጥ ከመውጣቴ በፊት ርብራቡን አንድ በአንድ እረግጠዋለሁ።

ሌላው ወጪ አካል ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በአንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ግቢ ሴራሚክ ላይ የቆመ የአሉሚኒየም መሰላሌ ከሥሬ ሸሸ። የእግሩ ጎማ አልቆ ብረቱ ወጥቶ ነበር፤ እኔም ጠዋት አይቼው «ዛሬን ይሥራ» ብዬ ነበር። የእጄ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ተቀመጥኩ፤ 36 የሥራ ቀን። ያ ጎማ በአንድ ቀን ገቢ ተገዝቶ የሚተርፍ ነበር። ስለዚህ መሰላል የሚገዛ ሰው በየዓመቱ የእግር ጎማ መቀየሪያውን ወጪ ውስጥ ያስገባ። ለእያንዳንዱ 4 ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በየመንገዱ ዳር ገመዱ ሕንፃውን ታክኮ በሚያልፍበት ቦታ መሰላሉን ቀና ከማድረጋችሁ በፊት ወደ ላይ እዩ።

መሰላል የማይተካበት ሥራም አለ። ግንባታው ገና ያለቀ ሕንፃ ላይ የተረጨ ሲሚንቶና ቀለም በሩቅ ዘንግ አይወርድም፤ ቀርቦ አርሶ፣ በምላጭ ቀስ ብሎ ማንሳት ይፈልጋል። አሲድ የሚያቀርብላችሁን ሰው አትስሙ፤ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ አንዳንዱ አሲድ መስታወቱንም።

የተጣራ ውሃና ረጅም ዘንግ

አሁን ብዙ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ዘንጉ ላይ ብሩሽ አለ፣ በውስጡ ቱቦ ያልፋል፣ ፓምፕ ማዕድኑ የወጣለትን ውሃ ይገፋል። ትቦርሻላችሁ፣ ታለቀልቃላችሁ፣ ትተዉታላችሁ፤ ውሃው ራሱ ይደርቃል። ሳሙና የለም፣ ዋይፐር የለም፣ መሬት ቆማችሁ 10 ሜትር ገደማ፣ ማለትም እስከ ጂ ፕላስ 2 ትደርሳላችሁ። ሥራው ውብ ነው፤ ወጪውን ግን ሳትሰሉ አትግቡበት።

መስታወት ላይ የደረቀ የቧንቧ ውሃ ነጭ ነጥብ የሚተወው በውስጡ የሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስላለ ነው። እሱን የሚለካ ቲዲኤስ ሜትር የምትባል እንደ እስክርቢቶ ያለች ትንሽ መሣሪያ አለች። ውሃው ነጥብ ሳይተው እንዲደርቅ ከ10 ፒፒኤም (በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሟሟ ሚሊ ግራም) በታች መሆን አለበት። እዚያ የሚያደርሰው ሬዚን፣ ማለትም ማዕድኑን ከውሃው የሚይዝ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብል ነው፤ ሬዚን ደግሞ ያልቃል። በግምት 1 ሊትር ሬዚን 100 ፒፒኤም ያለውን ውሃ 200 ሊትር ያጣራል፤ ውሃው 200 ፒፒኤም ከሆነ ግማሹን። አሁን አስሉት። ብሩሹ በደቂቃ 1.5 ሊትር ቢያፈስና በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ 270 ሊትር ነው፤ በ260 ቀን 70,200 ሊትር። ሬዚን ብቻ ከተጠቀማችሁ በ100 ፒፒኤም ውሃ እንኳ 350 ሊትር ሬዚን በዓመት። ይህን የሚችል ብቻውን የሚሠራ ሰው አላውቅም፤ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ፣ መንገድ ሲዘጋጋም የሚዘገይ ነው።

ስለዚህ በየቀኑ የሚሠራበት ሰው ከሬዚኑ በፊት ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። እሱ ማዕድኑን አብዛኛውን ያስቀራል፤ 95 በመቶ ካስቀረ ሬዚኑ ከ350 ወደ 18 ሊትር ገደማ ይወርዳል። በምትኩ ከሚገባው ውሃ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ያፈሳል፤ ዓመቱን ቢያንስ 140,000 ሊትር ውሃ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። ግፊት ይሻል፣ ስለዚህ ፓምፕና መብራት ይሻል። ክሎሪን ሽፋኑን ስለሚያበላሸው ቀድሞ የከሰል ማጣሪያ ይገባለታል፣ እሱም ይቀየራል። የፓምፑ ባትሪ መብራት ጠፍቶ ሳይሞላ በተደጋጋሚ ከቆየ ቶሎ ይሞታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ በሮቶ ማጠራቀም አለበት።

ሐይቁ አጠገባችን ነው፣ ለምን ከእሱ አንቀዳም የሚሉኝ አሉ። አይሆንም። የጣና ዳር ውሃ ደለል የበዛበት ነው፣ ማጣሪያውን ወዲያው ይደፍነዋል፤ ባልዲ ይዞ ዳር ዳሩን የሚረግጥ ሰው ደግሞ ቢልሃርዝያ ሊይዘው ይችላል።

የሚያዋጣው የሰማዩ ውሃ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ይህ 70,000 ሊትር ነው፣ ከላይ ካሰላነው የዓመት ፍጆታ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። የዝናብ ውሃ ማዕድን የለበትም ለማለት ይቀርባል። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ይጠብ፣ እሱን ልቀቁት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን በተሸፈነ ሮቶ ያዙ። 2,000 ሊትር ሮቶ በ40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላል፣ ሰባት የሥራ ቀን ይበቃል። አብዛኛው የሚዘንበው ሥራ በሚቀንስበት ክረምት ስለሆነ ግን ሁሉንም አታስቀሩትም። እኔ በነሐሴ የምሞላው ሮቶ የእንቁጣጣሽን ግርግር ያለ ሬዚን ያሳልፈኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ረጅሙ ዘንግ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ከሆነ እሱም እንደ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እርጥብ ዘንግ ይዞ የመብራት ገመድ አጠገብ መቆም በየትኛውም ዋጋ አይሠራም።

የቱን እንግዛ?

ደንበኞቻችሁ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች ከሆኑ አጭር ዘንግና ዋይፐር ግዙ፤ በዚህ አላመነታም። የተጣራ ውሃውን የምመክረው ጂ ፕላስ 1 እና ጂ ፕላስ 2 በሆኑ ሕንፃዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን የሚያሠራ የጽሑፍ ውል በእጃችሁ ሲኖር ነው፤ ውሉ ሳይኖር ዕቃውን ገዝቶ ደንበኛ ፍለጋ መውጣት የብዙ ልጆችን መነሻ ብር በልቷል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ በዓመት 50 ቀን፣ በ100 ፒፒኤም ውሃ ያለ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በ67 ሊትር ሬዚን ይሠራል፤ ለዚያም ከመክፈላችሁ በፊት ቲዲኤስ ሜትሯን ብቻ ገዝታችሁ የቧንቧችሁን ውሃ ለኩ። ዘንጉ ከሚደርስበት በላይ ያለው በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ስልጠናና አብሮ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል፣ ብቻችሁን አትግቡበት።

የወረቀቱ ወጪ ለሦስቱም አንድ ነው። ንግድ ፈቃዱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ ሐምሌ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ወር ስለሆነ ያኔውኑ ጨርሱት። ሆቴሎችና ባንኮች ያለ ደረሰኝ አይከፍሉም።

ገበያ ስትወጡ ዋይፐሩን ከመያዛችሁ በፊት ጎማው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ባለ ሱቁን ጠይቁ። ለብቻው የማይገኝ ከሆነ ያንን ዋይፐር ተዉት፤ ከተገኘ በዚያው ቀን አራት ጎማ ጨምራችሁ ግዙ፣ ፀሐይ እንዳይነካቸውም ዘርጋ አድርጋችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ።