የበረኛ ጓንት ግምገማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ካሉት የትኛው ያዋጣል?

የዝውውር ወሬ ሲጀመር ደሴ ላይ ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቀው ክርክር ያው አንድ ነው፦ ዘንድሮ ማንን በረኛ እናስፈርም? አንዱ «ቁመት ያለው፣ የማዕዘን ምት ሲመጣ ወጥቶ የሚለቅም» ይላል። ሌላው «ቁመት ምን ሊረባ፣ በእግሩ የሚጫወት ነው እንጂ» ብሎ ይነሳበታል። ሦስተኛው ከአንድ ትልቅ ክለብ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተረሳ ልጅ ስም ይጠራል። ልጁ መጥቶ ምን ጓንት አጥልቆ እንደሚቆም ግን የሚጠይቅ የለም። ማሊያና ታኬታ በጀት ሲያዝላቸው ጓንቱን ብዙ ጊዜ በረኛው ራሱ ካገኘበት ይገዛል። ከዚያ ኳስ ከእጁ ሲያመልጥ «ይሄማ ቅቤ እጅ ነው» ይባላል።

ቅቤው አንዳንዴ ከጓንቱ ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ የሚያየው ሱቅ ውስጥ የተሰቀለውንና ቦንዳ ውስጥ የተቆለለውን ጓንት ነው። ፍርዱን ቀድሞ ለመናገር፦ ወሎ ውስጥ ለሚጫወት በረኛ የሚያዋጣው መዳፉ ወፍራም፣ ላቴክሱ (ኳስ የሚይዘው የመዳፉ ጎማ) ጠንከር ያለ፣ የጣት አጥንት (ጀርባው ውስጥ የሚገባ የጣት መጠበቂያ ፕላስቲክ) የሌለው መካከለኛ ጓንት ነው። ውዱ ለስላሳ ጓንት ለአብዛኛው ሜዳችን ብር መበተን ነው፤ ርካሹ ደግሞ ጓንት አይባልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሜዳው ነው። የሰፈርና የትምህርት ቤት ሜዳዎች በጋውን ደረቅ አፈርና ጠጠር ናቸው። የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ሙቀቱና አቧራው ይጨምራል፤ ከተማዋ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ደሴ ደግሞ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ብርዱም ጭጋጉም አይለያትም፤ የበልግ ዝናብ ስላላትም የውድድር ዘመኑ አጋማሽ ላይ ሜዳው ይጨቀያል። አንዱ ጓንት ሁለቱንም ማለፍ አለበት። ሌላም አለ፦ በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ ከሩቅ የተመታ ኳስ ፍጥነቱ ቶሎ አይቀንስም፣ ለመጠምዘዝም ይሰንፋል። በረኛው እጁን የሚያደርስበት ጊዜ ያጥራል፤ ኳሱም መዳፉ ላይ ጠንክሮ ያርፋል። ለዚህ ነው ውፍረት የሚያስፈልገው። በወልዲያው የመሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ላይ ብቻ የሚጫወት ሰው ቢኖር ምክሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ሣር ለላቴክስ ይራራል።

አሁን ወደ ዕቃው። ገበያ ላይ የሚገኘውን በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው መዳፉ የፕላስቲክ ጨርቅ የሚመስል፣ ላዩ ላይ ነጠብጣብ ጎማ የታተመበት ስስ ጓንት ነው። ሕፃን ልጅ ግቢ ውስጥ ይጫወትበት። ኳስ አይዝም፣ ግጭት አይከላከልም፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። በዚህ ላይ ጊዜ አናጥፋ።

ሁለተኛው ፎርጅዱ ነው፤ የታላላቅ ኩባንያዎች አርማ ጀርባው ላይ ጎላ ብሎ የታተመበት። ፎርጅድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። አንዳንዱ ስፌቱ ደህና፣ መዳፉም እውነተኛ ላቴክስ ሆኖ ይገኛል። አርማውን እርሱትና መዳፉን እዩ። ጥሩ ጓንት መዳፉ ሁለት ንብርብር ነው፦ ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ላቴክስ፣ ሥር ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፖንጅ። በጠቅላላው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በሁለት ጣት ቆንጥጡት፤ የራሳችሁ ጣቶች በጨርቁ ውስጥ ከተሰሟችሁ ስስ ነው። ቀጥሎ መዳፉን በቀስታ ወደ ውጭ እጠፉት። ነጫጭ የፀጉር መስመር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ ላቴክሱ መጋዘን ውስጥ ደርቋል፤ አዲስ ቢሆንም አሮጌ ነው። መጨረሻ ላይ ጣታችሁን በትንፋሽ አርጥባችሁ መዳፉን ንኩት። ላቴክስ እርጥበት ሲያገኝ ይይዛል፤ የሚያንሸራትት ከሆነ ላቴክስ አይደለም። አዲስ ጓንት መዳፉ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት ከመጣ እሱን ሳትልጡ መሞከር ዋጋ የለውም፤ ሻጩ አይሆንም ካለ ደግሞ ሌላ ሱቅ አለ።

ሦስተኛው ውዱ ነው፦ ለስላሳ ላቴክስ፣ ትላልቅ ሊግ ላይ በቴሌቪዥን የምናየው ዓይነት። አያያዙ ድንቅ ነው፤ ማንም አይክድም። ችግሩ ልስላሴው ራሱ ነው። ላቴክሱ የሚጣበቀው ለስላሳና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ነው፤ ያው ልስላሴ ጠጠር ላይ ሲፋቅ እንደ እርሳስ ላጲስ ይረግፋል። አቧራም ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን በደረቅ ሜዳ ከመጀመሪያው አጋማሽ በኋላ ያን ያህል የተከፈለበት መያዝ ይጠፋል። ይህን የሚገዛ በረኛ ለጨዋታ ብቻ ያስቀምጠው፤ ልምምድ ላይ ካወጣው በጥቂት ሳምንት ውስጥ የመዳፉ ግርጌ ተልጦ ስፖንጁ ይታያል።

አራተኛው ቦንዳ ነው። ሰኞ ገበያ ልባሽ ጨርቅ መሃል አንዳንዴ የውጭ ጓንት ይገኛል፤ ዓይን ላለው ሰው ዕድል ነው። ነገር ግን የተጠቀለለ አሮጌ ላቴክስ እርስ በርሱ ይጣበቅና ሲላቀቅ ይቀደዳል። ሁለቱ መዳፎች ተጣብቀው ካገኛችኋቸው ሻጩ ፊት በውሃ ሳታርሱ አትላቅቁ። ጀርባው ያማረ፣ መዳፉ ግን እንደ ቆሎ የሚፈረፈር ከሆነ ተዉት፤ የሞተ ላቴክስ የሚመልሰው ነገር የለም።

አቆራረጡም ዋጋ አለው። ሻጮች ብዙ ጊዜ ስሙን ስለማያውቁት በዓይን ለዩት። የጣቱ ፊት ጠፍጣፋ ሆኖ ስፌቱ በውጭ ጠርዝ ላይ የሚታይ ከሆነ ቀላሉና ሰፊው ነው፤ ወፍራም ጣት ላለው ይመቻል። ላቴክሱ ጣቱን ከግራና ቀኝ ጠቅልሎ ከያዘው ኳስ ከየትኛውም አቅጣጫ ላቴክስ ያገኛል፤ በእኛ አስተያየት ለዝናብ ቀን የተሻለው ይህ ነው። ስፌቱ ወደ ውስጥ የገባው ሦስተኛው ዓይነት እጅ ላይ ልክክ ይላል፤ ግን ጠባብ ስለሆነ ርካሽ ሲሆን ስፌቱ ቶሎ ይፈነዳል። የትኛውንም ብትመርጡ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ስፌት ሳብ አድርጋችሁ እዩት። ጓንት የሚቀደደው መጀመሪያ እዚያ ነው።

ስለ ጣት አጥንት፦ ጣት ወደኋላ እንዳይታጠፍ ጀርባው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ማለት ነው። ሻጭ ሁሉ «ይሄ ባለ አጥንት ነው» ብሎ ዋጋ ይቆልልበታል። እውነተኛው ወደፊት ይታጠፋል፣ ወደኋላ ግን አይሄድም። ርካሹ ወደ ሁለቱም ይታጠፋል፤ ስለዚህ ጣትን ሳይጠብቅ ያደነድናል ብቻ። መሬት ላይ የሚንከባለል ኳስ ለመልቀም ጣት መታጠፍ አለበት፤ ደንዳና ጣት ኳሱን ይገፋዋል። ጣቱ ተጎድቶ ያገገመ በረኛ ቢፈልገው ይገባናል። ለታዳጊ ግን አይሆንም፤ የጣቱ ጡንቻ ራሱ ሊጠነክር ይገባዋል። ብዙዎቹ ከጣቱ ሥር በውስጥ በኩል ቀዳዳ ስላላቸው አጥንቱን መዝዞ ማውጣት ይቻላል።

ልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በልብስ ሰፊ ሜትር ከአውራ ጣት በስተቀር የመዳፉን ሰፊ ቦታ፣ አንጓዎቹ ላይ፣ ዙሩን ለኩ። በኢንች አስቡትና ወደ ሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ አንድ ጨምሩበት። 19 ሴንቲ ሜትር የሆነ እጅ 7 ተኩል ኢንች ነው፤ 8 ይባልና ቁጥሩ 9 ይሆናል። 21 ሴንቲ የሆነው 10 ያጠልቃል። አጥልቃችሁ ከጣት ጫፍ በላይ ግማሽ ሴንቲ ገደማ ክፍተት ይቅር። ጠባብ ከሆነ ጣት ላቴክሱን ከውስጥ ወግቶ ይበሳዋል፤ ሰፊ ከሆነ ኳሱ ሲመታ ጓንቱ ለብቻው ይዞራል።

ለክለብ የሚገዛ ሰው ለእያንዳንዱ በረኛ ሁለት ጥንድ ያስብ፤ አንድ ለጨዋታ፣ አንድ ለልምምድ። የጨዋታው ሲያረጅ ወደ ልምምድ ይወርዳል፣ አዲስ ይተካል። ከዚያ ውጭ ቁጥር 10 የሆነ አንድ ትርፍ ጥንድ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ነገሩ ቅንጦት ይመስላል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ጋር ስትጫወት በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጥቶ ቅያሪ ስላለቀ አማካዩ አዲስ ህንጻ በር ላይ የቆመበትን ቀን ያየ ሰው ይገባዋል። ሕጉ በረኛን ጓንት አያስገድድም፤ የፖርቱጋሉ በረኛ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ከእንግሊዝ ጋር ጓንቱን አውልቆ ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል፣ ቀጥሎም ራሱ መትቶ አስቆጥሯል። እሱ ግን ሪካርዶ ነው፤ ጊዜውም የሊዝበን ሰኔ እንጂ የጦሳ ጭጋግ የወረደበት አልነበረም።

ከተገዛ በኋላ የሚበላሸው ደግሞ በአያያዝ ነው። አዲስ ጓንት ላቴክሱ ላይ ከፋብሪካ የተቀባ መከላከያ አለ። ከመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ቀን በፊት ለብ ባለ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ እንደ ስፖንጅ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ እጠቡት፤ ውሃው መደፍረሱን ሲተው ይበቃዋል። መጠምዘዝ የለም፣ ሲጠመዘዝ ላቴክሱ ከሥሩ ካለው ስፖንጅ ይለያል። አድራቂው ጥላና ነፋስ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚያሰጣው ወይም ቡና የፈላበት ከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያስጠጋው ሰው ጓንቱን በአንድ ቀን አስር ቀን ያስረጀዋል፤ ሙቀት የበላው ላቴክስ ጠንክሮ ይሰነጠቃል። ሲቀመጥም መዳፍ ከመዳፍ አይጋጠም፤ መሃሉ ላይ የመጣውን ላስቲክ መልሳችሁ አስገቡ።

ጨዋታ ሲጀመር መዳፉን እርጥብ ማድረግ እንጂ መዘፍዘፍ አይደለም፤ አቧራ ሲይዝ በውሃ አብሱት። ሙጫ ነገር መቀባት ለአንድ ጨዋታ ያጣብቃል፣ ከዚያ ላቴክሱን ያጠነክረዋል። ማሰሪያው መያዝ ሲያቆም አብዛኛውን ጊዜ ክር ሞልቶበት ነው፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። የጠርዝ ስፌት ከተፈታ ጫማ ሰፊ ዘንድ በቀጭን ክር ይሰፋል፤ ማስቲሽ ግን አታስነኩት፤ የተቀባበት ቦታ ድንጋይ ይሆናል።

ለክርክራችሁ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ለሙከራ የሚመጣውን በረኛ አዲሱን ጓንት ሳይሆን አሮጌውን አሳየን በሉት። የመዳፉ ግርጌ ብቻ ተልጦ ሌላው ደህና ከሆነ ልጁ ከወደቀበት የሚነሳው መዳፉን መሬት ላይ ተጭኖ ነው፤ በቡጢው መነሳት ካልተማረ ጓንት አይበረክትለትም። የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ያለቀ ከሆነ ኳስ የሚነካው ጫፍ ጫፉን ነው፣ ይመልሳል እንጂ አይዝም። መሃሉና የአውራ ጣቱ ሥር እኩል የተፋቀ ጓንት የያዘውን ልጅ ግን ቁመቱን ሳትለኩ ሁለተኛ ቀን ጥሩት።