የእህቴ የጨጓራ ቀዶ ጥገና፦ ሥራው አንደኛ፣ ክትትሉ ግን ያሳዝናል

ታላቅ እህቴ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዋን ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። አዲስ አበባ፣ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ነው። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያየኝ ሁሉ «እንዴት ነው ነገሩ?» ስለሚለኝ ያየሁትን ልጻፍ።

አቦ፣ እንደዚያ የሚያስረዳ ሐኪም አይቼ አላውቅም። የሠራላት ስሊቭ የሚባለውን ነው። ከጨጓራዋ 80 በመቶ የሚጠጋው ተቆርጦ ወጣ፣ የቀረው እንደ ሙዝ ቀጠነ። የሚቆርጠውም የሚሰፋውም ስቴፕለር የሚባል ያው አንድ መሣሪያ ነው። እኔ ደግሞ ጭንቀቴ ስፌቱ ቢያፈስስ የሚል ነበርና በቀጥታ ጠየቅኩት። አልተቆጣም። እስክሪብቶ አንስቶ እየሳለ አሳየኝ። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ከላይ፣ ጨጓራውና የምግብ ቧንቧው በሚገናኙበት አካባቢ ስለሆነ እዚያ ሲደርስ ቧንቧውን ተጠግቶ አይቆርጥም። በአፏ ቱቦ አስገብቶ በዚያ ልክ ነው የሚቆርጠው፤ ቱቦው ከመጠን በላይ ከቀጠነ ጨጓራው ይጠብና ውስጡ ግፊት ይበዛል፣ ያኔ ስፌቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስቴፕለሩን ጨምቆ ወዲያው አይቆርጥም፣ ሥጋው እስኪሳሳ ጥቂት ይታገሳል። ከዚያ በላዩ በክር ይደግመዋል፣ ይሄ በተለይ መድማትን ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ሞልቶ የሚያፈስ ካለ ያያል። ማታውኑ አስነስተው አራመዷት፣ ደም እንዳይረጋም መርፌ ወጓት።

ቅሬታዬ ድሬ ከተመለስን በኋላ ያለው ነው። ግንቦት ነበር። የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ፤ ሰው አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ በሚጨርስበት ከተማ እሷ በማንኪያ ነው የምትጠጣው። የተሰጠን የአመጋገብ ወረቀት ስለ ሙቀት አንድም ቃል የለውም። በሦስተኛው ሳምንት ማስመለስ ጀመራት፣ ውሃም አልረጋ አላት። ደወልኩ። አያነሱም። በማግስቱም ደወልኩ፣ «ሐኪሙ ሥራ ላይ ነው» ብለው ዘጉ። አራተኛው ቀን ላይ ከንፈሯ ደርቆ፣ ቆማ መሄድ ሲያቅታት በባጃጅ ከዚራ ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት።

እዚያ ያገኘሁት ልጅ እግር ሐኪም መጀመሪያ የልብ ምቷን ቆጠረ። በደቂቃ ከ120 ቢያልፍ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንልካታለን አለኝ። ደግነቱ አላለፈም። ቀጥሎ ግሉኮስ ከመስቀሉ በፊት ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ሰጣት። ለቀናት ያስመለሰ ሰው ቢ1 ያልቅበታል፣ ስኳሩ ከቀደመ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ይሄን አዲስ አበባ ማንም አልነገረንም! በማግስቱ ውሃ መያዝ ቻለች።

ለቀዶ ጥገናው ከ5 5 እሰጣለሁ፣ ለክትትሉ 1። ከክፍለ ሀገር የምትሄዱ ከመውጣታችሁ በፊት ምን እንደተሠራላችሁ የሚገልጸውን ወረቀት ጠይቃችሁ ተቀበሉ። እኛ አልተሰጠንም፤ የከዚራው ሐኪም ስሊቭ ይሁን ባይፓስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ቀዶ ጥገና የሰማው ከእኔ አፍ ነው።