መኪና ግርግር ያሉት ልብስ ሰፊዬ

የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ ከዚራ። ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ በቴሌግራም እሸጣለሁ። የሚሰፉልኝ ሰውዬ ግን ሐረር ናቸው። ጀጎል ግንብ ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ ታውቁታላችሁ? በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ "መኪና ግርግር" የተባለው። እዛ ነው ሱቃቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እኔ "ጋሼ" ነው የምላቸው። አብረን ከሠራን ዓመት ከአምስት ወር ሆነን።

ለምን እንደምሳሳላቸው እንዲገባችሁ የራሴን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ግን ወር ጠብቆ ይገባል። 7 በመቶ ከእኔ ለጡረታ ይቆረጣል፣ 11 በመቶ መንግሥት ይጨምርበታል። ቻናሉን የከፈትኩት ገና እያስተማርኩ ነው፤ ነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም የመጀመሪያ ሙከራውን እኛ ድሬ ላይ ሲጀምር ሁለተኛ ሲም አውጥቼ። ማታ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ጠዋት ክፍል እገባለሁ። ሥራውን ስለቅ እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በለቀቅኩ በወሩ ለሠርግ አሥር ድሪያ ታዘዝኩ። እዚሁ ሰፈር ላለ ሰው ሰጠሁ። ቀኑ አልፎ ደረሰልኝ፣ የአንዳንዱ እጅጌ ግራና ቀኙ አይገናኝም። የሰዎቹን ቀብድ መለስኩ። የመጨረሻ ደሞዜ እዛው አለቀ። ያኔ ነው አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ጋሼ ጋ የወሰደችኝ።

ጨርቁን ዘረጋሁላቸው።

"ለባሿ የታለች?" አሉኝ።

"አዲስ አበባ ናት፣ ልኳን በቴሌግራም ልካልኛለች።"

ስልኩን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት። "ይሄ ደረቷ ነው። ትከሻዋስ? ቁመቷስ? ልጄ፣ ሴትየዋን ሳላይ መስፋት እችላለሁ። ትከሻዋን ሳላውቅ ግን አልቆርጥም።" ጨርቁን አጥፈው መለሱልኝ።

ያን ቀን ባዶ እጄን ነው የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ የወረድኩት። በጣም ነበር የከፋኝ። ማታውን ግን አራት ልክ ጻፍኩ፦ የትከሻ ስፋት፣ የእጅ ርዝመት፣ ደረት፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። እስከ ዛሬ ማንም ሲያዝ እነዚህን ሳይልክ ቀብድ አልቀበልም። ከዛ ወዲህ "አልሆነኝም" ብሎ የመለሰ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ስፌታቸውን ማየት ከፈለጋችሁ ድሪያውን ገልብጡት። የድሪያ ጨርቅ ስስ ስለሆነ ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል። እሳቸው ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፈው ነው የሚሰፉት፣ አንድም የተንጠለጠለ ክር አታገኙም። የአንገቱን ጥብጣብ ደግሞ ከጨርቁ ላይ በሰያፍ ነው የሚቆርጡት። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፤ ጭንቅላት ሲገባ ይሰፋል፣ ተመልሶ ይተኛል። ደንበኞቼ ይህን ሁሉ አያውቁም፣ "አንገቱ ደስ ይላል" ብቻ ይሉኛል።

መኪናቸው በእግር የሚረገጥ ነው። መብራት ሄደ የሚል ሰበብ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ዋጋቸው ረከስ ያለ አይደለም። ለአንድ ድሪያ 250 ብር ይቀበሉኛል፣ ድሬ በ180 የሚሰፋ አለ። የሚኒባሱ ሲደመር ልዩነቱ ይሰፋል። ለዚህ ነው በሳምንት አንዴ ብቻ አሥራ ሁለት አሥራ አምስት አጠራቅሜ የምሄደው። ሒሳቡ የሚያዋጣኝ እንደዛ ነው።

የሚያስቸግሩኝም ነገር አለ። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም። የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ደንበኞቼ በቴሌብር ይከፍሉኛል፣ እኔ አውጥቼ እወስድላቸዋለሁ። አረፋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ሥራ አይነኩም፤ ዘንድሮ በዚህ ምክንያት ብዙ ትእዛዝ አመለጠኝ፣ አሁንም ይቆጨኛል። የሕፃን ልብስም አይሰፉም።

አንዴ አንዲት ደንበኛ ትከሻው ጠበበኝ ብላ ማታ በድምፅ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነበር። ድሪያውን አስመልሼ ጋሼ ጋ ወሰድኩ። ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ፦ ቁጥሩን አሳስቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ምንም አላሉም። ምላጭ አውጥተው ስፌቱን አንድ በአንድ ፈቱት፣ ከተረፈው ጨርቅ ጨምረው እዛው ሰፉልኝ። 100 ብር ስሰጣቸው እጄን መለሱት።

እናቴ አሁን ማሸጉን ታግዘኛለች። ስለ ጡረታው ግን ዛሬም ትጠይቀኛለች። በየወሩ ከሽያጬ ላይ 18 በመቶ ለብቻው አስቀምጣለሁ፣ ደብተሩንም አሳያታለሁ።

መሄድ የምትፈልጉ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ጠዋት ሂዱ። ዓርብ ከሰዓት አታገኟቸውም። ጨርቃችሁ ጥጥ ከሆነ አስቀድማችሁ ንከሩትና አድርቁት። ካጠቡት በኋላ ያጥራል ብለው ሳይነከር የመጣ ጥጥ አይቆርጡም።