ግቢያችሁን ሳር ማስነጠፍ ለምታስቡ የባሕር ዳር ሰዎች

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁም ነው። ትንሽ ይረዝማል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አጭሩን ለምትፈልጉ፦ ግቢያችሁ ውስጥ ሳር ማስነጠፍ ካሰባችሁ፣ ለማንም ብር ከመስጠታችሁ በፊት ለዚህ ልጅ ደውሉ። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ራሱ ለምኖኛል። «እትዬ፣ ሥራውን አሳዪያቸው፣ ስሜን ተዪው» ነው ያለኝ። እኛ ሰፈር «የሳሩ ልጅ» ነው የምንለው። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። እሱም ይህን ፈቅዷል።

ረጅሙ ታሪክ ደግሞ ይኸውላችሁ።

ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው። ግንባታው ሲያልቅ ግቢው ባዶ አፈር ሆኖ ቀረ። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ባለቤቴ «ሲሚንቶ እናልብሰውና እንገላገል» ይል ነበር። እኔም እየተሰላቸሁ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ያስቆመችን እናቴ ናት።

እናቴ የዘጌ ሰው ናት። የዘጌን ደን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ሲወጣ ቡና ነው፣ ጥላ ነው፣ እርጥብ አፈር ነው። ዕድሜዋን እዚያ ኖራ፣ ጉልበቷ ሲደክምና ዓይኗ መክዳት ሲጀምር እኔ ጋ አመጣኋት። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ እናስቀምጣታለን። እግሯን ሴራሚኩ ላይ ዘርግታ «እናንተ፣ ይኼ ድንጋይ ነው እንዴ መሬታችሁ?» ትላለች። መሬትስ ነበረን። ሳር ነው ያጣነው።

እንግዲህ መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ስም አልጠራም፤ ማንንም ለማዋረድ አይደለም የምጽፈው። ግን ሳይተነፍሱ መቅረትም ያማል።

የመጀመሪያውን ሰው ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። በስልክ ስለ ካሬው ጠየቀኝ፣ ዋጋ ነገረኝ፣ ቀብድ አስላከኝ። ግቢውን እንኳ መጥቶ አላየም። ሳሩ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣው ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት ነው። መቼ እንደተቆረጠ እግዜር ይወቀው። ሲያወርዱት የታመቀ ድርቆሽ ይሸት ነበር። ልጆቹ ከግንበኞች የተረፈውን ኮረትና የሲሚንቶ ፍርፋሪ ሳያነሱ፣ እላዩ ላይ አንጥፈውት ከሰዓት በኋላውን ጨርሰው ሄዱ። «ውሃ ብቻ አጠጪው» አሉኝ። አጠጣሁ። ቢጫ ሆነ። ጨምሬ አጠጣሁ። ቡኒ ሆነ። ጫፉን ይዤ ሳብ ባደርገው እንደ ደረቀ እንጀራ ከነሙሉ ገጹ ተነሳ። ሥር የሚባል ነገር አልነበረውም።

ስደውል አያነሳም። በሌላ ስልክ ስደውል አነሳና «ጥፋቱ የፀሐዩ ነው» አለኝ። የባሕር ዳር ፀሐይ ዛሬ ነው እንዴ የወጣው? ወንድሜ፣ ሳር የምትሸጠው እዚሁ ከተማ ውስጥ አይደለም እንዴ?

ሁለተኛዎቹ ደግሞ ቢሮ ያላቸው፣ ማስታወቂያቸው ያማረ ናቸው። በሜትር ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ደረሰኝ ቆረጡ። «የውጭ ዘር ነው» ብለው ዋጋውን ሰማይ ሰቀሉት። ያመጡት ግን ከየማሳው ዳር የተፈነቀለ ሰርዶ ነበር፤ ውስጡ ሙጃ ሞልቶታል። ዝናብ ሲያገኝ ሰርዶው ተዋጠና ግቢዬ የሙጃ እርሻ ሆኖ አረፈው። ስጠይቃቸው «ጨምረሽ ክፈይና እናርምልሽ» አሉኝ። ሙልጭ አድርጎ መካድ ማለት ይኼ ነው። ባለቤቴ በንዴት «ከዚህስ ከጣና እምቦጭ እናምጣ፤ ያለ ተንከባካቢ የሚለመልም እሱ ብቻ ነው» አለ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቃችንን እንዲያ ሲያሰቃየው የኖረ አረም ነው፤ ቀልዱ አላሳቀኝም።

በመሀል አንድ ዘመዳችን የፕላስቲክ ሳር ይሻላል ብሎ ቁራጭ አምጥቶልን ነበር። እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግሬ ረገጥኩት። አቃጠለኝ። እሱ እዚያው አበቃ።

የሳሩን ልጅ ያገኘሁት ሳር ልገዛ ወጥቼ አይደለም። በመንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ ለእናቴ ጽጌረዳ ልገዛላት ቆሜ፣ ከሻጯ ጋር ስለ ሳሩ እያወራሁ ስበሳጭ፣ ጎንበስ ብሎ ችግኝ የሚያጠጣ ልጅ ቀና አለና «አፈሩን አይተውልሽ ነበር?» አለኝ። ማንም አላየም አልኩት። «እንግዲያ ሳሩ ምን አጠፋ?» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። አንድም ነገር ሊሸጥልኝ አልሞከረም። እኔ ነኝ «ናና እይልኝ» ብዬ የለመንኩት።

መጣ። ዶማ ብቻ ይዞ ነው የመጣው። ግቢው ውስጥ እዚህም እዚያም ቆፈረ። የልስን ፍርፋሪ፣ ሚስማር፣ የፌስታል ብጥስጣሽ፣ የቀለም ጣሳ ክዳን ሳይቀር አወጣ። አንድ ላይ ከምሮ አሳየኝና «ይኸው፣ ሳርሽ የተኛው እዚህ ላይ ነበር» አለኝ። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ ጠየቀኝ። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ደፋውና ቁጢጥ ብሎ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አየ። ውሃው ወደ ቤቱ ተመለሰ። «ሐምሌ ሲመጣ ጎርፉ ሳሎንሽ ነው የሚገባው፤ መጀመሪያ ይኼ ይስተካከል» አለ። ቤቱን የሠሩልን ሰዎች እንኳ ይህን አልነገሩንም።

ለዚያ ቀን ሂሳብ ስንት ነው ስለው ሳቀ። የባጃጅ እንኳ አልቀበልም አለ። «ሳሩን አላመጣሁ፣ ምን ሠርቼ ነው የምከፈለው?» ይላል።

ቀጥሎ ያዘዘንን አደረግን። ቆሻሻው ተለቅሞ ወጣ፣ ቀይ አፈር መጣ፣ ፍግ ተደባለቀ። ፍጉ የከረመ እንዲሆን አጥብቆ አስጠንቅቆናል፤ ትኩሱ ሥሩን ያቃጥላል አለ። ከዚያ ደልድሎ ወደ በሩ አቅጣጫ ዘንበል አደረገው። ሌላም ብዙ ነገር አስረድቶኛል፣ እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት።

ከማንጎው ሥር ያለውንም ልንገራችሁ። እኔ ግቢው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ፈልጌ ነበር። እሱ ግን «ከማንጎው ሥር ሰርዶ አልሸጥልሽም» አለኝ። ሰርዶ ፀሐይ ይወዳል፣ ጥላ ሲበዛበት ይሳሳል። ለዚያ ለዚያ ቅጠለ ሰፊውን አመጣለሁ አለ፤ እሱም ዋጋው ያንሳል። እስቲ አስቡት፣ ገበያተኛ ግዢኝ እያለ ነጋዴው አልሸጥም ሲል! ከዚያ ሁሉ ሰው በኋላ ይህን መስማት በራሱ አንጀቴን አራሰው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሳሩ የሚነጠፍበት ቀን ደረሰ። መኪናው ገና በማለዳ መጣ። ሳሩ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። እኔ በደስታ እልል ልል ነው። እሱ መኪናው ላይ ወጣና ከክምሩ መሀል እጁን እስከ ክንዱ ሰደደ። እዚያው ጸጥ ብሎ ቆየ። እጁን ሲያወጣ ፊቱ ተለዋውጧል። «ና እስቲ አንተም አስገባ» አለው ሾፌሩን። ከዚያ እኔን ጠራኝ። እጄን አስገባሁ። ውስጡ ይሞቃል፤ እንፋሎት ያለው ነው የሚመስለው።

ለካ ሳሩን ያቀረበለት ሰው በዋዜማው ቆርጦ፣ ከምሮ አሳድሮት ኖሯል። ሳር ተከምሮ ሲያድር ከውስጥ እየጋለ ይታመማል አለኝ። ከላይ አይታወቅም። ሾፌሩ ተቆጣ። «ይኼን የመሰለ ሳር!» አለ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር «ወንድሜ፣ ግድ የለም፣ በቃ አንጥፈው» አልኩት። አልሰማኝም። «እትዬ፣ ይኼ ሳር ዛሬ ያምራል፤ ከሳምንት በኋላ የምትረግሚው ግን እኔን ነው» አለና መኪናውን መለሰው። የመኪናውን ኪራይ ከራሱ ኪስ ከፈለ። እኔ ልክፈል ብዬ ብለምን፣ አፈር ስሆን ብል፣ በጄ አላለም።

በሌላ ቀን አዲሱ መጣ። ጤዛው እንኳ አልረገፈም ነበር። እዚያው ንጋት ላይ የተቆረጠ ነው። እጄን አስገብቼ ሞከርኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። አሁን እኔም አዋቂ ሆኛለሁ።

አነጣጠፉንም ቆሜ አየሁት። መጋጠሚያዎቹ አንድ መስመር ላይ እንዳይውሉ፣ ግንበኛ ብሎኬት እንደሚደረድረው እያፈራረቀ ነው የሚያነጥፈው። በእግሩ አይረግጠውም፤ ጣውላ አንጥፎ በጣውላው ላይ ነው የሚንበረከከው። ጫፍ ለጫፍ በመዳፉ ገፋ፣ ገፋ እያደረገ ያገጣጥማል። ሁሉም እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ያነጠፈውን ወዲያው በጎማ ያጠጣል። ከዚያ አንዱን ጥግ ቀስ ብሎ ገልጦ ከሥሩ ያለው አፈር መራሱን በጣቱ ያያል። ካልራሰ ይደግማል።

ይህን ሁሉ ሲሠራ እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ትሰማለች። «ምን እያደረጋችሁ ነው? አደረሳችሁት?» ትላለች በየመሀሉ። ማየቱ ብዙም አይሆንላትም፣ ደረጃውን መውረድም ያን ቀን ከብዷት ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ «ቆይ እማዬ» እላታለሁ። ልጁ ግን አንዱን ምንጣፍ ሳር ጠቅልሎ ተሸከመና ደረጃውን ወጣ። ሴራሚኩ ላይ ፌስታል አነጠፈ፣ ከፌስታሉ በላይ ሳሩን ዘረጋ። ከዚያ ተንበርክኮ ጫማዋን አወለቀላትና እግሯን አንሥቶ ሳሩ ላይ አኖረው። «እማማ፣ ይኸው መሬትዎ» አላት።

እናቴ ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች ሳሩን ዳሰሰችው። ከዚያ ምርቃቱ ጀመረ። «እደግ፣ ተመንደግ፣ እጅህ ይባረክ፣ የነካኸው ሁሉ ይለምልም፣ ልጅ ይውጣልህ…» ማን ያስቁማት! እሱ አንገቱን ደፍቶ አሜን፣ አሜን ይላል። ጭቃ በጭቃ የሆኑት ረዳቶቹም ከታች ሆነው አሜን ይላሉ። እኔ ቡና ልወቅጥ ነው ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የገባሁት ግን ቡና ልወቅጥ አልነበረም።

ይህን ማንም በውል አላስገባለትም፣ ማንም አይከፍለውም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከዚያ በኋላም አልጠፋም። ሳይጠራ መጥቶ ጥግ ጥጉን እየሳበ ሥር መስደዱን ፈተሸ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶው ላይ እንዴት እንደምናብቃቃ አሳየን። ንጋት ላይ በደንብ አጠጡ፣ ማታ ማታ አታርጥቡት፣ ሥሩ እስኪይዝ ልጆች አይሩጡበት አለ። ገና ሲቃረብ ደግሞ ደወለና «ምን ልልሽ ነው፣ በጉን ሳሩ ላይ እንዳታስሩት» አለኝ። ባለቤቴን ቀና ብዬ ባየው ገመዱን ይዞ በጉን እየጎተተ ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ልክ በዚያ ሰዓት ነው የደወለው። በጉ ከማንጎው ወዲያ ታሰረ።

አሁን የእናቴ ማኅበርተኞች ሲመጡ ሳሎን አይገቡም። እዚያው ሳሩ ላይ ነው ጠላውም ቡናውም። እናቴም ምርኩዟን ይዛ ትወርዳለች። ለቡና ብለን ቄጠማ መግዛት አቁመናል።

እንግዲህ ዋጋ ትጠይቁኛላችሁ። አልጽፍም፤ በየወሩ ይለዋወጣል፣ ኋላ እሱን ታስቸግሩታላችሁ። ከቀድሞዎቹ ግን ያንሳል። እነሱን ሁለቱን ደምሬ ካሰብኩት ደግሞ ባላስበው ይሻለኛል።

ሳር የምትፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ ደውሉለት፤ የሰርግ ሰሞን ሲደርስ ወረፋው አይቻልም። የዝናቡ መጀመሪያ ላይ ወይም ከመስቀል በኋላ ቢሆን ደስ ይለዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሐሩር ውሃ ከሌላችሁ ራሱ አይሆንም ብሎ ይመልሳችኋል። ሱቅ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ማስታወቂያ የለውም። ስልክ ቶሎ ካላነሳ እጁ ጭቃ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ደግማችሁ ሞክሩ። ሺምብጥም ሁኑ ዘንዘልማ፣ ይመጣል። ሪዞርት ያላችሁ፣ ካፌ የምትከፍቱ፣ እናንተም ብትሆኑ ያዙት። እባካችሁ ያዙት። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሥራ ፈቶ መዋል የለበትም።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ይህ ልጅ አፈሩን ሳያይ ቀብድ አይቀበልም። «የሳሩ ልጅ ነኝ፣ ብር ላኩልኝ» ያላችሁ ካለ እሱ አይደለምና ስልኩን ዝጉት።