የአባቴን ዲኤክስ ካምቢዮ ለቀየሩልኝ ጋሼ

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ወር አለፈኝ። መጀመሪያ መኪናዋ ደህና ትሂድ፣ ከዚያ አመሰግናለሁ ብዬ ነው የቆየሁት። አሁን እየሄደች ነው።

መኪናዋ 82 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነች፤ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት። አባቴ ሲነዳት ኖሮ ለእኔ ተረፈች፤ ትምህርት ቤት እመላለስባታለሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች የመኪና በሽታ ትደብቃለች። ከባጃጅ ጋር እየተጋፋሁ በዘንባባው ሥር ቀስ ብዬ ስነዳ ምንም አይታወቀኝም ነበር። ጉዱ የወጣው እንግዶች ይዤ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቼ ስመለስ ነው። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይዤ ስወርድ ቀጭ አለና ማርሹ ተፋ። መኪናዋ ፎሌ ላይ ሆና፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ ተለቀቀች። ደግነቱ ፍሬኑ ደህና ነበር። አክስቴ ከኋላ ወንበር ሆና ስንት ታቦት እንደጠራች እሷ ትንገራችሁ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ የት እንደሆነ ይቅር። «ፍሪሲዮን ነው» ብለው ዲስኩን ቀየሩ። ከፈልኩ። መትፋቱ እዚያው፣ ድምፁም እዚያው። ስመለስ «እህቴ፣ አሮጌ መኪና እኮ ነው» ብለው ሸኙኝ።

ጋሼን የጠቆመኝ አንድ ባለባጃጅ ነው። የሚሠሩት አባይ ማዶ ነው። ስማቸውንም ስልካቸውንም እንዳትጽፊ ብለውኛል። «ሰው ሲበዛብኝ ሥራ ይበላሽብኛል» ነው ምክንያታቸው። ሰፈሩ «የዲኤክሱ ጋሼ» ይላቸዋል፤ እንዲያ ብላችሁ ጠይቁ።

ስደርስ መፍቻ አላነሱም። ኮፋኖም አልከፈቱም። «ሞተሩን አስነሺና ፎሌ ላይ ተይው» አሉኝ። በሩን ከፍተው ጆሯቸውን ወደ ወለሉ ዘንበል አደረጉ። ዝዝዝ የሚል ድምፅ ነበራት፤ እኔ ከመልመዴ የተነሳ መስማት ትቼው ነበር።

«ፍሪሲዮን ርገጪ።» ረገጥኩ። ድምፁ ጠፋ።

«ልቀቂ።» ተመለሰ።

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «አየሽ ልጄ፣ ስትረግጪ ቢጮህ ኖሮ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው እልሽ ነበር። ስትረግጪ ዝም ካለ ግን ያለው ካምቢዮው ውስጥ ነው» አሉ፤ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን ውስጥ ማለታቸው ነው። ለካ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የካምቢዮው የፊት ዘንግ ከሞተሩ ተላቆ መዞሩን ያቆማል፤ ዘንጉ የሚዞርበት የታመመው ኩሽኔታም ዝም ይላል። ይቺን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ በቃ። እኔ ግን የዲስክ ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት በተቆረጠ ጄሪካን አወረዱትና ፀሐይ ላይ አውጥተው አሳዩኝ። ጥቁሩ ዘይት ውስጥ ወርቅማ ብናኝ ይብለጨለጫል። ማግኔት ከተቱበት። ወርቅማው እዚያው ቀረ፤ ማግኔቱ ግን ግራጫ ስብርባሪ ይዞ ወጣ። «ወርቅማው ነሐስ ነው፤ ማርሽ ሲገባ የሚያለሳልሰው ቀለበት። ይሄኛው ግን ብረት ነው። ጥርሱ ተበልቷል። ቀለበቱ ብቻ ቢሆን እንጠግነው ነበር።»

የእኔዋ ባለ አራት ማርሽ ነበረች። ካልቀረ ባለ አምስት ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ለዚሁ ለመኪናዋ ሞተር፣ ለ4ኬ፣ የተሠራ ስለሆነ ያለ ብየዳ ይገጥማል ብለው። ካምቢዮው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ያገለገለ ነው። ጋሼ መሬት ላይ አስቀምጠው ማርሾቹን አንድ በአንድ እያስገቡ በእጃቸው አዞሩት። የፊት ዘንጉን ይዘው ነቀነቁት። ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን የፊት ፓራኦሊዮ በአዲስ ቀየሩ። «ፍሪሲዮንሽ አዲስ ነው፤ አይነካም» አሉ። ሌላ ቢሆን እሱንም ደግሞ ያስከፍለኝ ነበር።

ሲገጥሙት ቆሜ አየሁ። ረዳታቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ካምቢዮው ክሪክ ላይ ነው። ዘንጉ ዲስኩ ውስጥ አልገባ አለ። ልጁ በቡሎን ስቦ ሊያስጠጋው ሲል ጋሼ ጮኹበት፤ እንዲያ ሲጎተት ወይ ዲስኩ ይጣመማል ወይ የካምቢዮው ጆሮ ይሰበራል። ከዚያ ማርሽ አስገቡና ከኋላ በኩል ቀስ አድርገው አዞሩት። አንድ ሁለት ጊዜ ዞር ሲል ጥርሱ ቦታውን አገኘና ሸርተት ብሎ ገባ። ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እንግዲህ ጉድለትም አለባቸው። ሁለት ቀን ያሉት አምስት ቀን ሆነ። መኪናዋን ከወሰድኩ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጠዋት ስነሳ ሥሯ ዘይት ጠብ ብሎ አገኘሁ። ይዣት ተመለስኩ። ጎንበስ ብለው አዩና «የኋላውን ፓራኦሊዮ አሮጌውን ትቼው ነበር። የኔ ጥፋት ነው» አሉ። ክርክር የለ፣ «አሮጌ መኪና ነው» የለ። ቀየሩት፣ የጎደለውን ዘይት ሞሉ፤ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ለጥፋታቸው ሰበብ ያልፈለገ ባለሙያ እኔ በዕድሜዬ ያየሁት እሳቸውን ነው።

ዋጋ የምትጠይቁኝ አላችሁ። አልጽፍም፤ የዕቃ ዋጋ በየወሩ ይለዋወጣል። የእጃቸውን ግን አስቀድመው ይነግሯችኋል፤ በኋላ አይጨምሩም።

አምስተኛውን ማርሽ የሞከርኩት በዘንዘልማ መንገድ ነው። መጀመሪያ አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ላስገባው አስቤ ነበር፤ 380 ሜትር ግን ለእኔ ዲኤክስ አልበቃትም። ከተማውን ለቅቄ ሳስገባው ሞተሩ ረጭ አለ። ይህቺ መኪና ዝም ማለት እንደምትችል አላውቅም ነበር። የማርሹን እጀታ ግን አላስቀየርኩም፤ አባቴ የያዘው ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር እስከ አራት ነው፤ እሱም በመዳፉ ብዛት ሊጠፋ ደርሷል።

ቤዛዊትንም በሁለተኛ ማርሽ ደግሜ ወርጃለሁ። አልተፋም። አክስቴ ግን «ብቻሽን ሂጂ» ብላ ቀርታለች።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምትሄዱ ሰዎች ጠዋት ሂዱ። ቡናቸውን ሳይጠጡ መኪና አይነኩም፤ እናንተም ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ጠጡ። ሁለት ቀን ካሏችሁ አምስት ቁጠሩ።