ሜንታል ሄልዝ ኮርት፦ ፕሮቤሽን ላይ ላለ ሕመምተኛ ይበጃል ወይ?

አሜሪካ ያላችሁ፣ ከቤተሰባችሁ የአእምሮ ሕመም ያለበትና ፕሮቤሽን ላይ የሆነ (ከእስር ይልቅ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ውጭ የሚኖር) ሰው ካለ ይህን አንብቡልኝ። የአክስቴን ልጅ ይዤ ስመላለስ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ሜንታል ሄልዝ ኮርት ማለት የአእምሮ ሕመም ያለበትን ተከሳሽ ከእስር ይልቅ በሕክምና የሚከታተል ልዩ ፍርድ ቤት ነው። በአጭሩ፣ ይበጃል። ግን ከመፈረማችሁ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ከባድ ነገር አለ።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሎሪዳ፣ ብሮዋርድ ካውንቲ ተከፈተ። ሲያትል ያለበት ኪንግ ካውንቲ በ1999 ቀጠለ፣ ዲሲ በ2007 የራሱን ጀመረ። ዛሬ በመላ አሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ።

መደበኛው ፕሮቤሽን ለታመመ ሰው አልተሠራም። ቀጠሮ ያልፈዋል፣ መድኃኒት ያቋርጣል፣ ስልክ አያነሳም፣ ከዚያ የእስር ማዘዣ ይወጣበትና ተመልሶ ይገባል፣ እስር ቤት ደግሞ ሕመሙ ይብስበታል። እዚህ ግን ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃው፣ የፕሮቤሽን ኦፊሰሩና የሕክምና ባለሙያው ተቀምጠው ስለ አንዱ ሰው ይመክራሉ። መግባት በፈቃደኝነት ነው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ያቀርቡታል፣ እየተሻለው ሲሄድ ቀጠሮው ይራራቃል።

የእኛዋ ዳኛ ገና ሲቀርብ የጠየቁት ስለ እንቅልፉ ነው። የሚወስደው የመድኃኒት መርፌ እንደሚያደክመውና ጠዋት መነሳት እንዳቃተው ነገራቸው። ኬዝ ማናጀሩ (ጉዳዩን የሚከታተለው ሠራተኛ) እዚያው የሳምንቱን ቀጠሮዎች ወደ ከሰዓት አዛወረለት። በፊት ቢሆን በዚሁ ምክንያት ሲቀር "ፕሮቤሽን ጥሷል" ተብሎ ነበር የሚጻፍበት። ጠበል እሄዳለሁ ሲልም ማንም አልከለከለውም፣ መድኃኒቱን እንዳያቆም ብቻ አደራ አሉት። እናቱ ይህን ስትሰማ ነው ልቧ ያረፈው።

ውጤቱስ? በሳን ፍራንሲስኮው ፍርድ ቤት ላይ በ2007 የታተመ ጥናት፣ በዚያ ያለፉ ሰዎች አዲስ ክስ ሳይመጣባቸው የሚቆዩበት ጊዜ ከሌሎቹ እንደሚረዝም አሳይቷል።

አሁን ወደማይጥመኝ ልምጣ። ያየነው አስተርጓሚ በስልክ ነበር፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ልጁ ደግሞ ሳይገባው ሁሉንም "እሺ" ይላል። በአእምሮ ሕመም ጉዳይ ይህ በጣም ያሳዝናል። አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብታችሁ ነው፣ ቀድማችሁ በጠበቃው በኩል በአካል የሚመጣ ጠይቁ። ጊዜውም ረጅም ነው። ለቀላል ክስ የሚሰጠው ቅጣት በወራት የሚያልቅ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስኬድ ይችላል። ሕጉን ከጣሰም ለአጭር ጊዜ ሊታሰር ይችላል፣ "እስር የለም" ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ።

ከባዱ ነገር ይኸውላችሁ። አንዳንዱ ፍርድ ቤት ለመግባት መጀመሪያ ጥፋተኝነትህን እመን ይላል፣ ስትጨርስ ክሱ ይሰረዝልሃል። ዜጋ ለሆነ ሰው ደህና ነው። ግሪን ካርድ ወይም አሳይለም (ጥገኝነት) ላለው ግን አደጋ አለው፣ ምክንያቱም ጥፋቱን አምኖ ዳኛው ቅጣት ወይም ግዴታ ከጣለበት፣ ክሱ በኋላ ቢሰረዝም እንኳ ኢሚግሬሽን እንደተፈረደበት ነው የሚቆጥረው። እንደ ክሱ ዓይነት ዲፖርት ሊያስደርግ ይችላል! ፕሮቤሽን ላይ ሳለ አዲስ ክስ የመጣበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓዲላ በሚባል ሰው ጉዳይ ላይ፣ የወንጀል ጠበቃ ይህን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ "ጥፋቱን ማመን አለበት ወይስ ሳያምን መግባት ይችላል?" መልሱን ለኢሚግሬሽን ጠበቃም አሳዩ።

ብዙ ቤተሰብ "ስማችን ይጠፋል" ብሎ ሕመሙን ከጠበቃው ይደብቃል። እባካችሁ አትደብቁ። የምርመራ ወረቀት ከሌለ ልጁ ለዚህ ፍርድ ቤት ላይታጭ ይችላል። ፐብሊክ ዲፌንደሩን (መንግሥት የሚያቆምለትን ጠበቃ) ስታገኙ የሐኪም ወረቀቱን፣ የመድኃኒቱን ስምና ሆስፒታል የተኛበትን ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።