በምጥ መውለድ ለምትፈልግ እናት፦ የአንድ ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት ሲመዘን

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። የመጀመሪያዋን በአንድ የግል ሆስፒታል ስወልድ ማንም ሳያስረዳኝ የምጥ ማፋጠኛ ስለተሰጠኝ፣ ሳልጠየቅም ሕፃኗ የምትወጣበት በር ተቆርጦ ስለተሰፋ፣ በዚህኛው ዋነኛ መመዘኛዬ የክፍሉ ማማር ሳይሆን የሚደረግልኝ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚነገረኝና ፈቃዴ የሚጠየቅ መሆኑ ነበር።

በዚህ መመዘኛ አገልግሎቱን አመሰግናለሁ። ምጥ ጀምሮኝ ስደርስ የማህፀን በር የተከፈተው ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር፣ አዋላጅ ነርሷ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት የተፋፋመ ምጥ የሚቆጠረው ከአምስት ሴንቲ ሜትር ጀምሮ መሆኑን፣ እናትና ጽንስ ደህና እስከሆኑ ድረስም ምጡ በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር አለመሄዱ ብቻውን ለማፋጠን ምክንያት እንደማይሆን አስረዳችኝ። የጽንሱን የልብ ምት በየጊዜው እያዳመጠች ትመዘግብ ነበር እንጂ አላጣደፈችኝም። በኮሪደሩ ተመላለስኩ፤ እናቴ ያመጣችልኝን አጥሚት ጠጣሁ፤ «ማርያም፣ ማርያም» እያልኩ ስጮህም የተቆጣኝ አልነበረም፤ ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ተቆጥተውት ለማያውቅ ሰው ነው። ለመግፋት ጊዜው ሲደርስ በየትኛው አኳኋን እንደሚመቸኝ ተጠይቄ በጎኔ ተኝቼ ወለድኩ፤ አልተቆረጥኩም። ልጄን ወዲያው ደረቴ ላይ አስተኙልኝ፤ እትብቱም የታሰረው ጥቂት ቆይቶ ነው።

ጭኔ ላይ የተወጋሁት መርፌ ደም መፍሰስን ለመከላከል መሆኑ ሲነገረኝ ያለማመንታት ተቀብያለሁ። በተፈጥሮ መውለድ መድኃኒትን ሁሉ እምቢ ማለት የሚመስላቸው አሉ፤ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ግን ለእናቶች ሞት ግንባር ቀደም ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ፣ በዚህ ረገድ ክርክሩ አይገባኝም።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። በማዋለጃ ክፍሉ ሁለት አልጋዎች በመጋረጃ ብቻ ተለይተው ስለሚገኙ እናቴ አጠገቤ እንድትሆን ሲፈቀድ ባለቤቴ ግን ውጭ እንዲጠብቅ ተደርጓል። ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ የሕመም ማስታገሻ አይሰጥም፤ እርሱን የምትፈልግ ሴት ሌላ ቦታ ብትመርጥ መብቷ ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። የቀዶ ሕክምና ክፍልም ስለሌለ ችግር ሲፈጠር በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይደረጋል። ስለዚህ መንታ ያረገዘች፣ ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች ወይም የደም ግፊት ያለባት እናት ከመጀመሪያው ሆስፒታል ብትከታተል ይሻላታል፤ ሌሎቻችንም ቢሆን የትኛው ሆስፒታል እንደምንላክና አምቡላንሱ ሌሊት መኖሩን ምጥ ሳይመጣ መጠየቅ አለብን።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት በነፃ ስለሆነ ወጪው ከግል ሆስፒታል ጋር የሚወዳደር አይደለም። የሚያስቸግረው የተረኞች መቀያየር ነው፤ በክትትል ወቅት ከአንዷ አዋላጅ ጋር የተስማማሁበትን ሁሉ ለማታ ተረኛዋ በምጥ መሐል እንደ አዲስ ማስረዳት ነበረብኝ። እዚያ ለመውለድ የምታስብ እናት ምርጫዎቿን በአጭሩ አስጽፋ ከክትትል ካርዷ ጋር እንዲያያዝላት ብትጠይቅ ይህን ድካም ትቀንሳለች።